አይቶ ለመወያየት የትኛውን ፊልም እንምረጥ? ለጅማ የፊልም ወዳጆች የቀረበ ንጽጽር

ፊልምን ለብቻ ለማየት መምረጥና ከጓደኛ፣ ከቤተሰብ ወይም ከጎረቤት ጋር አይቶ ለመወያየት መምረጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለብቻው የሚያይ ሰው ፊልሙ ካልጣመው አቋርጦ ሌላ ይከፍታል። ብዙ ሰው በተሰበሰበበት ቤት ግን ምርጫው ካልተሳካ የሁሉም ሰው እሑድ ይባክናል፤ ፊልሙ ሲያልቅም «ደስ ይላል»፣ «ይከብዳል»፣ «መጨረሻው አልገባኝም» ከማለት የማያልፍ አስተያየት ተሰጥቶ ሰው ወደየቤቱ ይበተናል። ይህ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ፊልሙ መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን ለዚያ ቤትና ለእነዚያ ሰዎች ታስቦ ስላልተመረጠ ነው።

በጅማ፣ ከፈረንጅ አራዳ እስከ ሂርማታ፣ በተለይም በዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ባሉ ሰፈሮች፣ በቅርቡ ያዩትን ፊልም አንሥተው ቡና እየጠጡ የሚከራከሩ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ። ከእነዚህ ክርክሮች የተረዳሁት፣ ጥሩ ውይይት የሚያስነሣው ፊልም ብዙ የተሸለመው ወይም ብዙ የተወራለት ሳይሆን፣ በቤቱ ከተቀመጡት መካከል አንዳንዶቹ በገዛ ሕይወታቸው የሚያውቁትን ጉዳይ የሚያነሣው መሆኑን ነው። ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ፊልሙን ከማድነቅ አልፎ ሊሞግተው ይችላል፤ ሌላውም ታዳሚ ፊልሙ ካለውና ያ ሰው ካለው የትኛው እንደሚያመዝን ማሰብ ይጀምራል። ከዚህ በታች ያሉትን ፊልሞች በዋነኛነት ያነጻጸርኩት በዚህ መመዘኛ ነው፤ ርዝመትና ቋንቋ ቀጥለው ይመጣሉ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ቡና ወይስ ጫት፦ «ጥቁር ወርቅ» እና «ፋያ ዳዪ»

ለጅማ ተመልካች ከእነዚህ ሁለት ዘጋቢ ፊልሞች የሚቀርብ ጉዳይ የለም። «ጥቁር ወርቅ» በ2006 የወጣ፣ ማርክና ኒክ ፍራንሲስ የተባሉ እንግሊዛውያን ወንድማማቾች ያዘጋጁት የ78 ደቂቃ ፊልም ነው። ካሜራው የሚከተለው በወቅቱ የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ የነበሩትን አቶ ታደሰ መስቀላን ሲሆን፣ ለአባል ገበሬዎች የተሻለ ዋጋ ለማግኘት ከቡና ማሳ እስከ ውጭ አገር ገበያ ድረስ ያደረጉትን ጥረት ያሳያል። ፊልሙ የተቀረጸው የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ እጅግ ወርዶ በነበረበት ጊዜ ነው። ውይይቱን የሚመራው ሰው የዚህን ውድቀት ምክንያት አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቅማል፤ እስከ 1989 ድረስ ላኪ አገሮች ለገበያ የሚያቀርቡትን መጠን በኮታ የሚወስን ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት ነበር፤ ኮታው በዚያ ዓመት ሲቀርና ቬትናም በቀጣዮቹ ዓመታት ምርቷን በፍጥነት ስታሳድግ፣ ቡና በገበያው ተትረፈረፈ፣ ዋጋውም ወረደ። ፊልሙ በ2003 በሜክሲኮዋ ካንኩን ከተማ የተካሄደውን የዓለም ንግድ ድርጅት ስብሰባም ያሳያል፤ ይህ ክፍል ከሌላው ይልቅ ደረቅ መስሎ ለሚታያቸው ሰዎች፣ ዋጋውን የሚወስኑት ሰዎች ከገበሬው ምን ያህል ርቀው እንደሚቀመጡ የሚታይበት ቦታ መሆኑን መንገር ይበቃል።

በፊልሙ ውስጥ ሴቶች በመጋዘን ተቀምጠው የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው የሚለዩበት ትዕይንት አለ። እኛ ስናየው በቤቱ የነበሩ አንዲት እናት በወጣትነታቸው እዚሁ ከተማ በቡና ለቀማ ሠርተው ያውቁ ነበር። ፊልሙ እንዳለቀ፣ ካሜራው የሴቶቹን እጅ ደጋግሞ ማሳየቱ እንዳልጣማቸው ተናገሩ፤ «እጅማ ይለምዳል፤ የሚደክመው ዓይን ነው» አሉ። ከዚያም የተቦረቦረ፣ የጠቆረና የተሰበረ ፍሬ በምን እንደሚለይ፣ መብራቱ ደብዛዛ በሆነበት መጋዘን ከሰዓት በኋላ ምን ያህል እንደሚያስቸግር፣ አለቃው የተለቀመውን አንሥቶ በመዳፉ ሲያገላብጥ ሠራተኛዋ እንዴት ትንፋሿን እንደምትውጥ አስረዱን። እነዚህን ነገሮች ፊልሙ አልነገረንም፤ ነገር ግን ፊልሙ ባይኖር እሳቸውም ባልነገሩን ነበር። ከጎማ ወረዳ የመጣ አንድ ተማሪ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አነሣ፤ በአካባቢያችን ብዙው ቡና ጀንፈል ሆኖ፣ ማለትም ከነገለባው ደርቆ፣ ለሰብሳቢ የሚሸጥ ሲሆን፣ ከዩኒየን ውጭ ያለው ገበሬ ታሪክ በፊልሙ ውስጥ የት እንዳለ ጠየቀ። ክርክሩ ከዚህ በኋላ ሊቆም አልቻለም።

ይህንን ፊልም የሚመርጥ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። ፊልሙ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2008 ሥራ ከመጀመሩ በፊት የነበረውን አሠራር ነው የሚያሳየው። ምርት ገበያው ጅማ ላይም መጋዘን ስላለው፣ ወጣቶቹ የሚያውቁት የቡና ንግድ በፊልሙ ካለው የተለየ ነው። ይህ ግን ለውይይት እንቅፋት አይሆንም፤ «ከዚያ ወዲህ ለገበሬው ምን ተለወጠለት?» የሚለው ጥያቄ ራሱ አንድ ምሽት ይበቃዋል።

«ፋያ ዳዪ» በ2021 የወጣ የጄሲካ በሽር ሥራ ነው። አዘጋጇ በሐረር ያደገች ሲሆን፣ ፊልሙን ለአሥር ዓመት ያህል በሐረርና በአካባቢው ስትቀርጽ ቆይታለች። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛና ሐረሪ ይነገርበታል። ስለ ጫት ጉዳትም ሆነ ጥቅም የሚያስተምር ተራኪ የለውም። ጫቱ ሲቆረጥ፣ ሲታሰር፣ ሲጫን፣ ሲቃም ይታያል፤ አገር ጥለው በባሕር ለመሻገር የሚመክሩ ወጣቶችም ሲነጋገሩ ይሰማል። በስዊዘርላንድ በሚካሄደው የዘጋቢ ፊልሞች ፌስቲቫል በዚያው ዓመት ዋናውን ሽልማት አግኝቷል።

በእኔ ግምት በሥነ ጥበብነቱ «ፋያ ዳዪ» ይበልጣል፤ ይህንን ለመናገር አላመነታም። ጭሱ፣ ጭላንጭሉና ዝምታው ተመልካቹን ወደ ምርቃናው ዓለም ያስገቡታል እንጂ ከውጭ አቁመው አያስቃኙትም። ይሁን እንጂ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰበሰብ ቡድን አልመርጠውም። ታሪክ ተከትሎ ማየት የለመደ ተመልካች «መቼ ነው የሚጀምረው?» እያለ ግማሹን ሰዓት ያሳልፋል። ጫት በአካባቢያችንም ስለሚበቅልና ልጆቻቸው በመቃም ምክንያት ከትምህርት የቀሩባቸው ወላጆች በከተማችን ስላሉ፣ ፊልሙ ሱሱን አስውቦታል የሚል ቅሬታ በእርግጥ ይነሣል። ቅሬታው መሠረት የለውም አልልም። እኔ ግን ፊልሙ የሚያሳዝነው ውብ ስለሆነ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ወጣቶቹ ለምን ከዚያ ጭጋግ መውጣት እንደሚያቅታቸው በምክር ሳይሆን በስሜት ይገባናልና። ሁለት ሦስት ፊልም አብረው ያዩና እርስ በርስ መደማመጥ የጀመሩ ሰዎች ሊመርጡት ይገባል።

የቋንቋው ጉዳይም በጅማ የተለየ ጠቀሜታ አለው። የምሥራቁ አነጋገር ከጅማው በአንዳንድ ቃላት ቢለይም፣ በአፋን ኦሮሞ አፋቸውን የፈቱ ታዳሚዎች የግርጌውን ጽሑፍ ሳያነቡ ይከታተሉታል። ስለዚህ አማርኛ ብቻ ለምንችለው ሰዎች አስረጂ ይሆናሉ፤ የእንግሊዝኛው የግርጌ ትርጉም ያሳጠረውን ግጥምና ምርቃት ሲያብራሩልን ውይይቱ ፊልሙ ሳያልቅ ይጀመራል።

አብዮትና መሬት፦ «ጤዛ» እና «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»

ሁለቱም የኃይሌ ገሪማ ሥራዎች ናቸው። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በ1976 የወጣ፣ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ፣ በባለ ርስት መሬት ላይ የሚደክም የገበሬ ቤተሰብን ኑሮ የሚያሳይ ፊልም ነው። የተቀረጸው ዘውዳዊው ሥርዓት በወደቀበት ሰሞን ነው፤ ጭሰኝነትን ያስቀረው የ1975 የመሬት አዋጅ ገና አልታወጀም ነበር። ጭሰኝነትን ከመጽሐፍ ብቻ የሚያውቅ ወጣት፣ ገበሬው በባለ ርስቱ ፊት እንዴት እንደሚቆምና እንዴት አንገቱን እንደሚደፋ ቢያይ ብዙ ይማራል። ፊልሙ ግን ከሁለት ሰዓት በላይ የሚፈጅና ሆን ተብሎ ቀስ ያለ ነው፤ ፊልም መሥራት ለሚማሩ ወይም ታሪክ ለሚያጠኑ ሰዎች ካልሆነ በቀር ከ«ጤዛ» አላስቀድመውም።

«ጤዛ» በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን፣ በ2009 ደግሞ በቡርኪና ፋሶ በሚካሄደው የአፍሪካ ፊልሞች ፌስቲቫል የወርቅ ፈረስ ሽልማትን ያገኘ ፊልም ነው። ርዝመቱ 140 ደቂቃ ነው። ዋናው ባለታሪክ አንበርብር በጀርመን ሕክምና የተማረ ሰው ሲሆን፣ እግሩን አጥቶ፣ ትዝታው ተቆራርጦ በ1990 ወደ እናቱ መንደር ይመለሳል። ታሪኩ ከመንደሩ ተነሥቶ ወደ ተማሪነት ዘመኑ፣ ከዚያም ወደ ደርግ ዘመኗ አዲስ አበባና እንደገና ወደ ጀርመን ይመላለሳል። ብዙ ተመልካች የሚጠፋው በዚህ ምልልስ ነው። ከመጀመሩ በፊት ሦስቱን ዘመኖች በሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር ችግሩን ያቃልላል፤ የታሪኩን መጨረሻ መግለጥ ግን አያስፈልግም።

ይህንን ፊልም የምመርጠው ወላጆችና ልጆቻቸው አብረው በሚቀመጡበት ቤት ነው። የመንደሩ ወጣቶች ለውትድርና እንዳይወሰዱ በዋሻ ሲደበቁ የሚታይበት ክፍል፣ የብሔራዊ ውትድርናን ዘመን ያዩ ሰዎችን ሳይናገሩ እንዲቀመጡ አያደርግም። በወጣቱ ዘንድ የአብዮቱ ዘመን የመፈክርና የድርጅት ስሞች ዝርዝር ሆኖ ቀርቷል፤ በወላጆቹ ዘንድ ደግሞ ማን ከየት ቤት እንደተወሰደ የሚታወስበት ዘመን ነው። «ጤዛ» እነዚህን ሁለት ትውልዶች በአንድ ክፍል ውስጥ ያነጋግራል። በዚያው ልክ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ልጁ፣ ወንድሙ ወይም ባልንጀራው በዚያ ዘመን የቀረበት ሰው ካለ ፊልሙ ስለምን እንደሆነ አስቀድሞ ሊነገረውና መምጣት አለመምጣቱን ራሱ ሊወስን ይገባል። ሰውን ባላሰበው ሐዘን ፊት ማስቀመጥ ነውር ነው።

ልጆች ባሉበት ቤት፦ «ላምብ» እና «ድፍረት»

የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ መርሐ ግብር ውስጥ የታየ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፊልም ነው። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም የተባለ ትንሽ ልጅ አባቱ ሥራ ፍለጋ ሲሄድ ከዘመዶቹ ጋር ይቀራል፤ ከሚወዳት በጉ ከቹኒ በቀር የእኔ የሚለው ነገር የለውም። አጎቱ በጓ ለበዓል እንደምትታረድ ሲነግረው፣ ልጁ ሳምቡሳ እየጠበሰ በገበያ በመሸጥ ወደ ቀዬው መመለሻ ገንዘብ ማጠራቀም ይጀምራል። ለአረፋም ሆነ ለፋሲካ የተገዛ በግ በግቢው ታስሮ ያየ ልጅ ሁሉ ይህን ታሪክ ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ለአዋቂዎች ደግሞ ወንድ ልጅ ምድጃ አጠገብ መቆሙ አጎቱን ለምን እንዳስቆጣው የሚለው ጥያቄ ሰፊ ነው። ርዝመቱ ከመቶ ደቂቃ በታች፣ ቋንቋው አማርኛ በመሆኑ ከዘረዘርኳቸው ሁሉ በቀላሉ የሚታየው ይህ ነው።

የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» በ2014 በአሜሪካው የሰንዳንስም በጀርመኑ የበርሊንም የፊልም ፌስቲቫሎች የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ለጋብቻ ተጠልፋ፣ ለማምለጥ ስትል ጠላፊዋን ተኩሳ የገደለች የ14 ዓመት ልጅና ጉዳይዋን የያዘችላት ጠበቃ ታሪክ ነው። መነሻው በ1996 የተፈጸመ እውነተኛ ድርጊት ሲሆን፣ ጠበቃዋ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ ናቸው፤ ኋላም ከ2018 እስከ 2023 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነበሩ። በድርጊቱ ጊዜ ይሠራበት የነበረው ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ይዞ ነበር፤ ቀዳዳው የተደፈነው በ2005 ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። ፊልሙ አዲስ አበባ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታይ ሲል በፍርድ ቤት እግድ መቋረጡም የሚታወቅ ነው፤ ስለዚህ የአንድን ሰው መከራ ወደ ፊልም የመለወጥ መብት የማን እንደሆነ አብሮ መወያየት ይቻላል።

ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ በቤቱ ያሉትን ልጆች ዕድሜ መመልከት ያስፈልጋል። ለሕፃናት «ድፍረት» አይሆንም። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ግን፣ ለወንዶቹም ለሴቶቹም፣ ከ«ላምብ» ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። በተለይ የመንደሩ ሽማግሌዎች ተቀምጠው በጉዳዩ ላይ የሚመክሩበትን ትዕይንት ትኩረት ሊሰጡት ይገባል። ሽማግሌዎቹ እንደ ክፉ ሰዎች አልተሳሉም፤ የሚያውቁትን ሥርዓት ለማስከበር የሚጥሩ ሰዎች ናቸው። እርቅ በሽምግልና ሲወርድ እያየ ያደገ ወጣት፣ ያ የሚያከብረው ሥርዓት አንዲትን ልጅ ሳይሰማ ሊወስንባት እንደሚችል ሲያይ በውስጡ የሚነሣው ጥያቄ በቀላሉ የሚመለስ አይደለም።

ሌሎች አማራጮች

የወደፊቱን ዓለም የሚያሳዩ የአሜሪካ ፊልሞችን ለሚወዱ ወጣቶች የሚጌል ያንሶ «ክረምብስ» አለ፤ በ2015 የወጣ፣ ከዳሎል መልክዓ ምድር ጋር የምናብ ታሪክን ያዋሐደ፣ 68 ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ የአማርኛ ፊልም ነው። እንግዳነቱ አንዳንዱን ሲያስደስት ሌላውን ያበሳጫል። «ሜድ ኢን ኢትዮጵያ» ደግሞ በ2024 የወጣ፣ በዱከም በሚገኘው የቻይናውያን ኢንዱስትሪ ዞን ያለውን ኑሮ በሥራ መሪዋ፣ በፋብሪካ ሠራተኛዋና በገበሬዋ ዓይን የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም ነው፤ ጅማም ኢንዱስትሪ ፓርክ ስላላት፣ ቤተሰባቸው መሬት የለቀቀ ወይም በፋብሪካ የሠራ ሰዎች ባሉበት ቢታይ መልካም ነው። የአማርኛ የፍቅርና የአስቂኝ ፊልሞች ለመዝናናት ጥሩ ናቸው፤ በትወናው ላይ ከሚሰጥ አስተያየት በቀር ግን ረጅም ውይይት ሲያስነሡ እምብዛም አላየሁም።

ከምርጫው በኋላ

የጅማ ዝናብ ለፊልም ተመልካች ቀላል ነገር አይደለም። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዝናቡ ሲወርድ የንግግር ድምፅ ይዋጣል፤ ስለዚህ በክረምት የግርጌ ጽሑፍ ያለው ፊልም ይመረጣል፤ ዝምታና ዝግ ያለ ንግግር የበዛባቸው እንደ «ፋያ ዳዪ» ያሉ ፊልሞች ደግሞ ለበጋ ቢቆዩ ይሻላል። በሌላ በኩል ኅዳርና ታኅሣሥ የቡና ለቀማ ወቅት በመሆኑ፣ ለ«ጥቁር ወርቅ» ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጉት ሰዎች በማሳቸው ላይ ይሆናሉ፤ ለእሱ የካቲት ይስማማል።

ቃና ቴሌቪዥን በ2016 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ መስማት በየቤቱ ተለምዷል። ከዚህ የተነሣ ብዙ እናቶችና አባቶች ጽሑፍ እያነበቡ ማየት ይሰለቻቸዋል፤ የዓይናቸው መድከምም መታሰብ አለበት። የግርጌ ጽሑፉ እንግሊዝኛ ከሆነ አንድ ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ በዝቅተኛ ድምፅ ቢተረጉምላቸው፣ በተራኪ ድምፅ ከታጀበ ቅጂ የተሻለ ነው፤ ተራኪው የተዋናዩን ድምፅ ሸፍኖ ትወናውን ያጠፋዋልና። ቅጂውም ቀደም ብሎ ቢሞከር፣ ድምፁና ጽሑፉ አብረው መሄዳቸው ቢረጋገጥ፣ በሕጋዊ መንገድ የሚገኝ ከሆነም ከዚያው ቢወሰድ፣ ለፊልሙ ሠሪዎች የሚገባቸውን ዋጋ መስጠት ነው።

የመጨረሻው ምርጫ ማን ቀድሞ ይናገር የሚለው ነው። በልማዳችን ታላቅ ሲናገር ታናሽ ያዳምጣል፤ ታላቁ «ፊልሙ ውሸት ነው» ካሉ ግን ከዚያ በኋላ ደፍሮ የሚቃወም ወጣት አይገኝም። ስለዚህ ፊልሙ ከመከፈቱ በፊት ለታላላቆቹ «አባቶችና እናቶች፣ ፈቃዳችሁ ከሆነ በመጀመሪያ ልጆቹ ያዩትን ይናገሩ፣ እናንተ ደግሞ የምታውቁትን ጨምራችሁ ታርሙናላችሁ» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ያስፈልጋል። እስካሁን እንዲህ ተጠይቀው እምቢ ያሉ አላጋጠሙኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰበሰብ ቡድን «ጥቁር ወርቅ»ን መርጦ፣ ከቡና ጋር የኖረ አንድ ሰው ጋብዞ፣ ያ ሰው ልጆቹ ተናግረው እስኪጨርሱ እንዲጠብቅ ቢለምነው፣ ቀጥሎ ለማየት የሚገባው ፊልም የትኛው እንደሆነ ከዚያው ውይይት ያገኘዋል።